ስለ ጣውላው ግድግዳ የማልኩት

«ማል አልኩህ! አንዲት ቃል ናት። ንጹሕ ሰው መሐላ ይፈራል እንዴ?»

ጋሽ በላይ ጣታቸውን የቀሰሩት በእኔ ላይ አልነበረም። ከጎኔ በቆመው በገመቹ ላይ ነበር። ያለነው በእትዬ አስካለ ቤት፣ አንዱ ግድግዳ ተቃጥሎ ሰማይ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉ ገና ውሃ አቁሯል፤ የረጠበ አመድ ጫማችን ላይ ይለጠፋል። እትዬ አስካለ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ እሳት ወደ ግድግዳው አላስጠጋሁም» አለ ገመቹ። «ይኼው ነው። ሌላ የምጨምረው ቃል የለኝም።»

«የምትጨምረውማ አለ። ፊትህን ወደ ሳሪስ አቦ አዙርና ማል። ከዚያ ሂድ ተኛ፤ ማንም አይነካህም።»

«አልምልም።»

«አልምልም?»

«አላደረግኩም ጋሼ። ግን አልምልም።»

«እሰይ! ሰማሽ አስካለ? ላምባውን በገዛ እጁ የቀባ ሰው፣ ማል ሲባል ምላሱ ታሰረ!» ጋሽ በላይ የእትዬ አስካለ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ሲመሩ ስለኖሩ፣ ሁልጊዜ የሚናገሩት ማሽን እንደሚጮህበት ሰው ነው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ሱራፌል?»

እኔ ማልኩ።

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም፤ ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይህችን እዘልላት ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሰክሬ እንኳ አላመለጠኝም። ሰው ሲሰክር ምስጢሩን ያወጣል ይባላል፤ እኔ ግን ሰክሬም የራሴ ዘበኛ ነበርኩ። አሁን ለእናንተ ስጽፈው እጄ ቀጥ ብሎ መሄዱ ይገርመኛል።

ነገሩን እስከ መጨረሻ ደብቄ ላጓጓችሁ አልፈልግም። እሱ የጸሐፊ ብልጠት ነው፤ ብልጠት ያደረገኝ ይበቃኛል። እሳቱን ወደ ግድግዳው ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ገመቹ አይደለም። እኔ።

የእትዬ አስካለ ቤት አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ዙሪያውን ብሎኬቱና ፎቁ ሲነሳ እንደነበረች የቀረች፣ ውጪዋ በሙሉ አግድም በተደረደረ ጣውላ የተለበጠ ቤት ናት። በባቡር ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው የሠሯት። ንፋስና ዝናብ እንዳይገባ ብለው በየጣውላው መገጣጠሚያ ቃጫ ጠቅጥቀው፣ በላዩ ላይ በስቱኮ ደፍነውታል። ያ ስቱኮ በስንት ፀሐይና በስንት ክረምት ድንጋይ ሆኗል። በየቦታው ተሰነጣጥቋል፤ ግን አይለቅም። በጥፍራችሁ ልትፈነቅሉት ብትሞክሩ የሚሰበረው ጥፍራችሁ ነው።

እትዬ አስካለ ልጃቸውን ሰናይትን ሊድሩ ነበር። ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡ ቤቱ አዲስ ቀለም ለብሶ እንዲቀበላቸው ፈለጉ። በተሰነጠቀ ስቱኮ ላይ ቀለም ቢቀባ አብሮት ይረግፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌው ከየመገጣጠሚያው ተፈልቅቆ መውጣት ነበረበት። ሥራውን የሰጡት ለገመቹ ነው። ገመቹ ከእናቱ ከአደ ጫልቱ ጋር በዚያው ግቢ፣ በኋላ በኩል ባለችው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። የዚሁ የአቃቂ ልጅ ነው፤ አያቱ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሟል። እኔን የጠራኝ እሱ ነው። ሥራ ፈትቼ፣ ግጥም እየጫርኩ፣ የእናቴን በር እየከፈትኩና እየዘጋሁ በምውልበት ጊዜ «ና አብረን እንሥራ» ያለኝ እሱ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሥራውን የጀመርን ዕለት እትዬ አስካለ ያስጠነቀቁን ነገር አንድ ብቻ ነበር።

«እሳት ወደ ግድግዳዬ እንዳይቀርብ። ቤቱም እንጨት ነው፣ እኔም እንጨት ነኝ።»

ሳቅን። ሁለታችንም እሺ አልን።

ገመቹ የራሱ አሠራር ነበረው። ከሰዓት በኋላ ጨርቅ በላምባ ነክሮ መገጣጠሚያውን እየተከተለ ይቀባዋል። አሳድሮ፣ ጠዋት በስፓቱላ፣ ማለትም በስሷ የብረት መፋቂያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ያነሳዋል። ላምባ ጠጥቶ ያደረ ስቱኮ ይላላል። አንዳንዴ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ሲወጣለት ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። ጣውላው ላይ አንዲት ጭረት አትቀርም። ግን በዚህ አካሄድ በቀን የሚያልቀው ትንሽ ነው፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም። ስፓቱላዬን በመዶሻ እየመታሁ ስቱኮውን ስሰባብረው የጣውላው ጠርዝ አብሮ ይላጥ ነበር።

«ሱራ፣ ይሄ ግጥም አይደለም እኮ» ይለኛል። «መስመር እየዘለልክ አታልፈውም።»

«አንተ በዚህ አያያዝህ ሙሽሮቹ ወልደው ነው የምንጨርሰው።»

«ይውለዱዋ። ክርስትና አነሳላቸዋለሁ።»

«ስሙንም ስቱኮ በለው።»

«ከሱራፌል ይሻላል። ቢያንስ ስቱኮ ያለበት ቦታ ይቆያል።»

እንዲህ እየተሰዳደብን ነበር የምንሠራው። አንድ ቀን እንዲሁ እየፋቅን፣ እኔ እንደ ልማዴ በየንግግሬ መካከል «አቦን!» «ማርያምን!» ስል ሰምቶ፣ ለምን በትንሽ በትልቁ እንደምምል ጠየቀኝ። አንተስ ለምን አትምልም አልኩት። እውነትም ሲምል ሰምቼው አላውቅም ነበር። እጁን ሳያቆም ነገረኝ። አባቱ በድንበር ክርክር ሰው ፊት ቆመው ምለዋል። የማሉት እውነት ነው፤ ገመቹ ልጅ ሆኖ ድንጋዩ የት እንደነበረ በዓይኑ አይቷል። ዓመት ሳይሞላ አባትየው ታመው ሞቱ። መንደሩም «በሐሰት ምሎ ነው፣ መሐላው በላው» አለ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሳይቀር ይህን ያንሾካሹክ ነበር። አደ ጫልቱ ባላቸውን በቀበሩ ሰሞን ልጃቸውን አስቀምጠው ቃል አስገቡት፦ በእውነትም ይሁን በውሸት፣ በማንም ስም፣ በሕይወቱ እንዳይምል።

«ቢገድሉህስ?» አልኩት።

«ቢገድሉኝ ሞትኩ» አለ፤ አንድ ረጅም የስቱኮ ልጣጭ አውጥቶ እየጣለ።

ይህን የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው። እኔ አውቅ ነበር። ይህንንም ያዙልኝ።

እሳቱ የተነሳ ቀን ገመቹ እናቱን ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ከመሄዱ በፊት በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ ላምባ ቀባና «ይሄን እስከ ነገ እንዳትነካው፤ አንተ ያኛውን ጨርስ» ብሎኝ ሄደ። እትዬ አስካለ ለድግሱ የሚሆን ነገር ሊገዙ ወጥተዋል። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት አመሻሽ ሳሪስ አንድ ካፌ ውስጥ ግጥም እንዳነብ ተጋብዤ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ያኛው» ያለኝ ግድግዳ ላምባ ስላልጠጣ አንድ ክንድ ለመፋቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የምዕራቡም ቢሆን ገና አላደረም፤ ስፓቱላዬ ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። ሥራ ሳልጨርስ ብሄድ ገመቹ ምንም አይለኝም፤ ግን ያየኛል። ያ ማየቱ አስጠላኝ።

ማድ ቤት ገባሁ። ምድጃው ላይ የጠዋቱ ከሰል ገና አልጠፋም። አራገብኩት። ስፓቱላዬን ፍሙ ውስጥ ከተትኩ፤ ጫፏ ሲቀላ በጨርቅ ይዤ ሮጥኩና በምዕራቡ ግድግዳ መገጣጠሚያ ውስጥ ሰካኋት።

እንደ ቅቤ ነበር። የስንት ዓመት ድንጋይ እንደ ቅቤ ቀለጠልኝ! ያኔ የተሰማኝን ደስታ ልዋሻችሁ አልችልም። ገመቹ የሞኝ ሥራ እየሠራ እንደከረመ፣ እኔ ግን አቋራጩን እንዳገኘሁ ተሰማኝ። ምድጃውን አንስቼ ግድግዳው ሥር አመጣሁት። እያጋልኩ እሰካለሁ፤ እየሰካሁ እጎትታለሁ። ጢሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ እኔ ግን በልቤ የማታውን ግጥም እደግማለሁ።

ከዚያ አንዲት ክር አየሁ። ከሦስተኛው ጣውላ ሥር፣ ብረቱን ካወጣሁም በኋላ የቀጠለች ቀጭን ነጭ ጢስ። ቃጫው ነው፤ ከስቱኮው በስተጀርባ ያለው ቃጫ። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ ጫንኩበት፤ ክሯ ጠፋች። ጨርቁን አንስቼ ጠበቅኩ። ተመልሳ መጣች? መጣች። በጣም ስስ ሆና። እንደገና ጨርቁን ጫንኩበትና ሰዓቴን አየሁ።

አላየሁም ማለት እችል ነበር። ለረጅም ጊዜ ለራሴ የነገርኩት ይህን ነበር፤ ጢሱ ጠፍቶ ነበር የሄድኩት እያልኩ። ጠፍቶ አልነበረም። አይቼዋለሁ። አይቼው ስፓቱላዬን ግድግዳው ሥር ሣሩ ላይ ትቼ ምድጃውን ወደ ማድ ቤት መለስኩ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ሸሚዜን ቀየርኩና ታክሲ ያዝኩ። አንድ ባልዲ ውሃ መድፋት ስንት ጊዜ ይወስዳል? ለአንድ ባልዲ ውሃ ጊዜ ያጣ ሰው ለጭብጨባ ጊዜ እንዴት አገኘ?

ተጨበጨበልኝ፤ ብዙ። ስልኬን ዘግቼው ነበር።

ስመለስ ጨልሞ ነበር። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ገመቹ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ከታች በባልዲ የሚያቀብሉትን ውሃ ይደፋል። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ነበር የደረሰው፤ መጀመሪያ የጮኸውም እሱ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ተበልቶ ወድቋል። እትዬ አስካለ የሰናይት የመልስ ካባ በሣጥን የተቀመጠው በዚያ ክፍል ነበርና፣ ሰው ሳይዛቸው ገብተው የጋለውን የሣጥን እጀታ በቀኝ እጃቸው ጨብጠዋል። ካባውን አውጥተውታል። እጃቸው ግን ከብረቱ ላይ ሲነሳ ሙሉውን አልተነሳም።

በማግሥቱ ነው እንግዲህ ያ ክፍል ውስጥ የቆምነው። ላምባ የቀባው ገመቹ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሳቱ ሲታይ ግቢው ውስጥ የነበረው እሱ ነው፤ እኔ ሳሪስ ነበርኩ፤ ያጨበጨቡልኝ ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው። ጋሽ በላይ እየጮሁ ሲጠይቁን ገመቹ ከጃኬቱ ኪስ ስፓቱላዬን አወጣ። ከግድግዳው ውጪ፣ እሳቱ ካልደረሰበት ሣር ላይ አግኝቷት ነው። የእንጨት እጀታዋ ላይ የስሜ መነሻ ፊደል ተቀርጿል፤ የብረቷ ጫፍ ደግሞ ሰማያዊ ሆኗል። ፍም ውስጥ ገብቶ የወጣ ብረት እንዴት ሰማያዊ እንደሚሆን እሱ ያውቃል፤ ሌላው አላስተዋለም። እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «ያንተ ናት» አለኝ። እኔ ራሴ እንድናገር ቦታውን ለቀቀልኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ስፓቱላዋን ኪሴ ከተትኩ።

አሁን ደግሞ ከእሳቱ የከፋውን ልናገር። መጀመሪያ ላይ ስጽፍ ጋሽ በላይ «ማል» ሲሉ ብቻ ነው ያሰማኋችሁ። ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጬ አስቀርቼ ነበር። መሐላውን ያነሱት ጋሽ በላይ አይደሉም። እኔ ነኝ። «ካላመናችሁን፣ ሁለታችንም እንማል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ገመቹ እንደማይምል አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልኩት። ደንግጬ ነው፣ ሳላስበው ነው፣ ልጅነት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ውሸት ናቸው። አስቤዋለሁ። እንደ ግጥም ቤት መምቻ ቃሉን መርጬ፣ ቦታውን ጠብቄ ነው የጣልኩት። ገመቹም ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ያ ፊት ሰው አንድ ዕቃ አስቀምጦ ሄዶ ተመልሶ ሲያጣው የሚያሳየው ዓይነት ፊት ነበር።

ተራዬ ሲደርስ በተቃጠለው ግድግዳ ቀዳዳ በኩል፣ እኔው በከፈትኩት ቀዳዳ በኩል፣ ፊቴን ወደ ሳሪስ አዞርኩ። ቀኝ እጄን አነሳሁ። «አቦን! እሳት ወደ ግድግዳው አላስጠጋሁም፤ ካስጠጋሁ አቦ ይፍረዱብኝ» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ፊት ማንበብ ከማታው ለምጄ ነበር።

እትዬ አስካለ እፎይ ብለው «በቃ፣ ተዉት» አሉ። ገመቹን ለፖሊስ አልሰጡትም። እንዲለቁ ብቻ ነው የጠየቁት፤ እሱንና እናቱን።

በሳምንቱ ዕቃቸውን ባጃጅ ላይ ሲጭኑ እኔም አገዝኩ። አዎ፣ አገዝኩ። አደ ጫልቱ ጄሪካኑን ስቀበላቸው እጄን ያዙኝ። አንዱ ዓይናቸው ላይ ገና ፋሻ ነበር፤ በሌላው ነው ያዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ። «ልጄ እንደዚያ እንደማያደርግ ንገራቸው። የአንተን ይሰማሉ።»

«እሺ እናቴ» አልኳቸው።

እሺ አልኩ። እኔ።

ከዚያ በኋላ የተቃጠለውን ግድግዳ በአዲስ ጣውላ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መገጣጠሚያውን በአዲስ ስቱኮ የሞላሁትም፣ ቀለም የቀባሁትም። እትዬ አስካለ ከያን ጊዜ ጀምሮ «የቤቴ ልጅ» ይሉኛል። ቀኝ እጃቸው ዳነ፤ ጣቶቹ ግን አይሰበሰቡም። ሲያማትቡ ግንባራቸውን ይነኩና፣ ወደ ደረታቸው ሲወርዱ እጃቸው መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆም ይላል። እኔ ስለዚያ እጅ ግጥም ጻፍኩ። ሰምታችኋል? እናት ከእሳት ውስጥ የልጇን ክብር ስታወጣ የሚል ግጥም ጽፌ መድረክ ላይ አነበብኩት። ሰዎች አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እንባዬም እውነተኛ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያስጠላ ነገር ስለ ራሴ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ሳሪስ፣ መብራት ላይ ታክሲያችን ሲቆም፣ ገመቹን በመስኮት አየሁት። ከጭነት መኪና ጣውላ ያወርዳል። ከሱሪው እስከ ቆቡ ጥቁር ለብሷል። ማን ሞቶበት ነው? ከአንድ ሰው በቀር ማን ነበረው? የታክሲው በር ከጉልበቴ አጠገብ ነበር። «ወራጅ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ወደ ጎማው በኩል አጎነበስኩና የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ፤ ጫማዬ ክር አልነበረውም።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የምትሰጡኝ ከሌላ ሰው ቤት ወስዳችሁ ነው የሚሆነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አሁንም ወጣት ነኝ። የሆነውን ብቻ ልጨርስ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። እኔ የሞላሁት ስቱኮ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ክረምቱ እየገባ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል። «ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ» አሉ። ሄድኩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላምባ ቀብቼ አሳደርኩት። ቅዳሜ ጠዋት በስፓቱላ ከጫፍ ያዝኩት፤ ሳይበጠስ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ረጅም ሆኖ ወጣ። ለማን ከፍ አድርጌ ላሳየው? መሬት ላይ ጣልኩት። የራሴን ስቱኮ ነበር የምልጠው፤ በእያንዳንዱ ልጣጭ ሥር አዲሱ ጣውላ ንጹሕ ነበር፣ ምንም ያልተፈጸመበት ይመስል።

ከውስጥ በኩል ያለውን ለማየት ወደ ክፍሉ ገባሁ። እትዬ አስካለ ተከትለውኝ ገብተው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ስለ ሰናይት ልጅ አወሩኝ። ከዚያ፣ «ስማኝ ሱራ፣ የኋላዋ ክፍል ባዶዋን ናት» አሉ። «ሁልጊዜ ከእናትህ ቤት እስከ መቼ? ግባባት። ኪራይ አልፈልግም። ሰው የሚያምነው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው እንቅልፍ የሚወስደው።»

የገመቹና የእናቱ ክፍል። በእሷ ውስጥ እንድተኛ። በነጻ።

«እትዬ፣ እሳቱን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልክ?»

«ያኔ ግድግዳውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ስፓቱላ በፍም አግዬ። ገመቹ ምንም አላደረገም።»

ፈገግ አሉ፤ አመኑኝ ማለት አይደለም። «እንግዲህ ጀመረህ። ለዚያ ልጅ አዝነህ ልትሸከምለት ነው? ግጥም መሆኑ ነው?»

«ግጥም አይደለም።»

«አንተ እኮ በአቦ ምለሃል። እዚሁ ቆመህ። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።»

«በሐሰት ነው የማልኩት።»

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ወረደ። ዓይናቸው ፊቴን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ በእጄ የያዝኳትን ስፓቱላ አየ። ያችው ናት፤ እስከ ዛሬ ጫፏ ሰማያዊ ነው።

«እውነት ከሆነ ማል» አሉኝ። «ማልና ልመንህ።»

አፌ ተከፈተ። ያች የለመድኳት ቀላል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች። ልወረውራት ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው። ዋጥኳት።

«አልምልም እትዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ሌላ የምጨምረው ቃል የለኝም።»

ከግድግዳው በኩል፣ ስቱኮው ከወጣበት መገጣጠሚያ፣ ቀጭን የብርሃን መስመር ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር።

«እሱም እዚሁ ቆሞ እንዲሁ ነበር ያለኝ» አሉ በመጨረሻ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ። «ይህንኑ ቃል ነበር ያለኝ።» ቀና አሉ። «ጫልቱስ? የት አለች?»

«ልጃቸውን ጥቁር ለብሶ አይቼዋለሁ።»

«ማን ሞቶባት… ማን ሞቶበት ነው?»

«አልጠየቅኩትም። ከታክሲው አልወረድኩም።»

ቀኝ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ። ግንባራቸውን ነኩ። ወደ ደረታቸው ሲወርድ መንገድ ላይ ቆመ፤ አልቀጠለም። ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ። እጄን አልፈው ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ዱካውን በግራ እጃቸው አንጠለጠሉ፤ እኔ እንዳልቀመጥበት ይመስል። ወደ በሩ ሄዱ፤ አልቸኮሉም፣ ወደ ኋላም አላዩም። ወጡ።

በማይጨብጠው እጃቸው ጎትተው በሩን ላዬ ላይ ዘጉት።